ሁለት ሜትር ከሠላሳ ሰባት

በሃርሊንገን ወደብ፣ ከቦዩ ድልድይ ላይ፣
የጠባቂ ጎጆ አለች፣ መስኮቷ ባሕር የሚያይ።
ጀልባ ሲመጣ ድልድዩን አነሣለሁ፤
ጀልባው ሲያልፍ ደግሞ መልሼ አወርዳለሁ፤
በሁለቱ መሐል ዳርት እወረውራለሁ።

ከካርታው ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ ተሰቅሏል ሰሌዳ፤
ካለፈው ጠባቂ የተረፈ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ዕዳ።
ወለሉ ላይ መስመር፣ በነጭ ፕላስተር፦
ሁለት ሜትር ከሠላሳ ሰባት ሳንቲሜትር።
ከዚያ ወዲያ እግር አይሄድም፤
የሚሄደው ሌላ ነው፤ እርሱም፣ ካልለቀቁት፣ አይሄድም።

ጥቅምት ላይ ነው የጀመረኝ።
የሐሙስ ማታ ጨዋታ፣ ድርብ ዐሥራ ስድስት ቀርቶኝ፣
ክንዴን አነሣሁ፣ አነጣጠርሁ፤
ጣቴ አልለቅም አለኝ።
እንደገና ሞከርሁ። እምቢ አለ።
ቡና ቤቱ ዝም አለ።
አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነሐሱን ጨብጠው፣
እንደ ንፉግ ነጋዴ ሳንቲሟን ቆንጥጠው።
በግድ ስወረውር ወለሉን ወጋሁት፤
የሄሪትን ጫማ በስንዝር ሳትሁት።
እርሱም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤
ብስክሌቴን እየገፋሁ ግን ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድሁ።

ባውክዬ ይህን ሰማች። ሰባ አራት ሞልቷታል፤
አርባ ዓመት ዓሣ በልታ፣ በቢላ እንጂ በጥርስ አይደለም፣ እጇ ጨው ጠጥቷል።
ጎጆዬ ድረስ መጣች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
«ወርውር» አለችኝ፤ ልወረውር ስል፣ ጣቴ ሳይለቅ፣
ቀረሁ፤ ክንዴ አየር ላይ፣ እንደ ተነሣ ድልድይ።
«እሺ» አለች፤ «እንግዲህ ቁጥሩን አትይ።»

ከቦርሳዋ አወጣች የዓሣ መጠቅለያ፣
ሰሌዳውን ሸፈነችው፤ ጠፋ ቁጥሩ፣ ጠፋ መለያ።
«በቀን መቶ፤ የት እንደገባ አትጠይቅ።
ክርንህ ከፍ ይበል፤ እግርህ አይነቃነቅ፤
ትንፋሽህ ሲወጣ ጣትህም ይልቀቅ።
ከዚያ እጅህን ተዋት፣ ተዘርግታ ወደ ፊት፣
እንግዳ ሸኝቶ ከደጅ እንደቆመ ሰው፤ እንደዚያ ዓይነት።»

መቶ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቆጠርሁ።
በመርከቦች መዝገብ ጠርዝ፣ በእርሳስ አሰመርሁ፦
ማክሰኞ፣ መቶ፤ ዐሥራ ሰባቱ ያልተለቀቁ።
ረቡዕ፣ ነፋስ፤ አሸዋ የጫኑ መርከቦች ሲጠብቁ
ስልሳ ብቻ። ዐርብ፣ መቶ ሃያ፤
ወረቀቱ ተበጣጠሰ፤ መጣ ሌላ መጠቅለያ።
ኅዳር ወጣ፤ ታኅሣሥ ገባ፤ ቦዩ የበረዶ ቆዳ አወጣ፤
ጀልባ የለም፤ ለእኔና ለወረቀቱ ጊዜ መጣ።

ከሥሩ ያለውን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ፦
የሃያ ጎረቤቶች አንድና አምስት ናቸው፤
ስግብግብ ሊቀጣ ይመስለኛል እንዲያ ያስቀመጣቸው።
«ሁሉም ያልማል» ትላለች ባውክዬ፤ «ሁሉም ያልማል፤
ማን በእንቅልፉ፣ ማን በእጁ እንዳለመ፣ መቶኛው ላይ ይለያል።»

አንድ ንጋት፣ ጥር ላይ፣ በረዶው ሳስቶ፣ ክንዴ ከፍ እንዳለ፣
ከውጭ ጥሩንባ ጮኸ፤ «ድልድይ!» የሚል አለ።
ዘወር ስል፣ ፍላጻው ከእጄ የለም።
መቼ እንደሄደ እንጃ። ጣቴ አላማከረኝም።

ድልድዩን አነሣሁ። ከባዱ ብረት ቀስ ብሎ ሰማይ ሲነካ፣
አንገቴ ወደ ኋላ ዞሮ ቀርቷል ለካ።
ጀልባው አለፈ፤ ካፒቴኑ እጁን አውለበለበ፤
እኔ መች አየሁት፤ ልቤ ወረቀቱን ሲያነብ ነበረ።

ስገልጠው፦ ሦስት።
ከሃያው ትይዩ፣ ከታች፣ ማንም ከማያልማት ቤት፤
ግን እንዴት ቀጥ ብሎ ገብቷል!

ከሰዓት ባውክዬ መጣች፤ አየችው፤ አላጨበጨበችም።
ነቅላ በመዳፌ አስቀመጠችው፤
«ዘጠና ዘጠኝ ይቀርሃል፤ ቁም።»