ሠላሳ በሠላሳ

ከምድር ሰባት መቶ ኪሎሜትር ርቆ፣
በየአስራ ስድስት ቀኑ ጃሙናን ጠብቆ
የሚያልፍ ዓይን አለ። እኔም ተቀጥሬ
ያየውን እቆጥራለሁ፣ ዳካ፣ ከወንበሬ።

ቀለሙ የውሸት ነው፤ እኛው ነን ያቀለምነው፦
ሩዙ ደም ይመስላል፣ ወንዙ ጥቁር ነው፣
አሸዋው እንደ ጨው።

አንዲቷ ነጥብ ሠላሳ በሠላሳ ሜትር፤
ውስጧ ቤት ቢኖር፣ ላም ቢኖር፣ መቃብር፣
ገመድ ላይ የተሰጣ የልጅ ቀሚስ ቢኖር፣
ሁሉም ተጨፍልቆ አንድ ቁጥር ይሆናል።
መቶ አስራ ሁለት፣ ለምሳሌ።
መቶ አስራ ሁለት እንግዲህ የሰው ቤት ነው።

የሠላሳ አራት ዓመት ምስል ደራርቤ
ወንዙን በጣቴ አስኬድኩት፤
ወደ ምዕራብ፣ ወደ ምዕራብ፣
ተኝቶ ብርድ ልብስ እንደሚስብ ሰው።
ከዚያ ቀይ መስመር አሰመርኩ፦ የመጪው ክረምት ድንበር።
ከመስመሩ ወዲያ ላለው
ሪፖርቱ ላይ «ተጋላጭ» ብዬ ጻፍኩ።
ጥሩ ቃል ነው፣ ተጋላጭ። አያለቅስም።

«የምድሩን እውነት አምጪ» አለኝ አለቃዬ፤
በሙያችን እንዲህ ይባላል፣
የሰማዩ ሳይበቃ ሲቀር።

ሞፊዙል በሚያስል ሞተር አሻገረኝ።
ካርታዬ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ብብቴ ሥር ነበር።
ደሴቷ ላይ መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው
ኮሂኑር ቤዋ ናት፤ ቤዋ ይሏታል
ባሏን ቀብራ፣ ቀብሩንም ወንዝ ከወሰደው ወዲህ።
ቆርቆሮ ትነቅል ነበር።

«ካርታ ይዤ መጣሁ» አልኳት።
«እኔም አለኝ» አለች።
ከሣጥን አወጣችው፦ የባሏ ስም፣ የደበዘዘ ማህተም፣
የግብር ደረሰኝ፣ አምና የተከፈለ፣
ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ለሰጠመ መሬት።
የእኔ ካርታ እዚያው ቦታ ላይ «ውሃ» ይላል፤
የእሷ ካርታ «ርስት»።

ደግሞ ቆርቆሮውን ወደ ፀሐይ አነሳችው።
የሚስማር ቀዳዳ፣ ከቀዳዳ ጎን ቀዳዳ፤
ብርሃኑ በወንፊት እንደወረደ ዱቄት ፊቷ ላይ ተነዛ።
«ቁጠሪ» አለችኝ። «አንድ ረድፍ አንድ ቤት ነው።»
አስራ አንድ ቆጠርኩ።
እኔ ከሰማይ የማውቀው ዘጠኝ ነው፤
ሁለቱን ደመና ጋርዷቸው ነበር።

ቀይ መስመሬን ዘረጋሁላት። በአውራ ጣቷ ተከተለችው፣
ጭቃ እያስነካችው፣ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ።
«በፊት ለፊት አይመጣም» አለች።
«ወንዝ ሌባ ነው፤ በጓሮ ነው የሚገባው።
ሌሊት እዚህ ጋ ጆሮዬን መሬት ላይ ሳደርግ
ድብ… ድብ… ይላል፣ ከሥር ሲበላ።
ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ልጄ።»
ሞፊዙል ሳቀ።
እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ከፍቼ
ምን ብዬ እንደምጽፈው ጠፋኝ።

ሐምሌ ደመና። ነሐሴ ደመና።
ዓይኑ አልፏል፣ ያየው ግን ጥጥ ነው።
ጥቅምት ላይ ሲገለጥ
መስመሬ በሁለት መቶ ሜትር ስቶ ነበር።
በጓሮ ገብቷል።
መቶ አስራ ሁለትን ፈለግኩ፦ ዘጠኝ ሆኗል።
ጥቁር።
«ስሕተቱ በሚፈቀደው ወሰን ውስጥ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

እሁድ ማታ ስልኬ ጮኸ።
ኮሂኑር ቤዋ፣ በሞፊዙል ስልክ፣ ነፋስ ውስጥ ሆና፦
«አስራ ሁለተኛውን ቸነከርኩ፤ ደኅና ነን፣ ከላሟ በቀር።
ለእሱ አይደለም የደወልኩት።
አንቺ ከላይ ታያለሽ አይደል?
የድሮው መሬቴ ላይ አሸዋ ወጣ እንዴ?»

አየሁላት። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣
ከዳር አንዲት ግራጫ ነጥብ።
አሸዋ ትሁን፣ አረፋ ትሁን፣ ያለፈ ጀልባ ትሁን
በሠላሳ በሠላሳ አይለይም።

«ከአስራ ስድስት ቀን በኋላ ደውዪልኝ» አልኳት።

ዝም አለች። ነፋሱ ብቻ ይሰማል።
«ግብሩን ግን» አለች፣ «ልክፈለው?»