እርሳስ

ቁመቱ ሲለካ አሥራ አምስት ሚሊሜትር፣
ከአውራ ጣት ጥፍር አያልፍም፣ ከነባርኔጣው ጭምር።
ሺህ ሁለት መቶ ናቸው፤ ግሪምዝቢ ከተማ፣
ከዕቃ ማጠቢያው በላይ፣ በካርቶን የጫማ፣
አርባ ዓመት አለፋቸው፤ ደመወዝ አልጠየቁ፣
የዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር ጭራሽ አያውቁ።

ያኔ፣ አውቶቡስ ስጠግን ውዬ ስገባ ማታ፣
ግራሶ በነካው እጄ የምቀደው ፖስታ
ሲከፈት ይታየኝ ነበር የሻለቃው ሪዝ፣
የጥሩምባ ነፊው ልጅ ጉንጭ ትንፋሹን ሲይዝ፤
ሳንጃቸው ጣቴን ወግቶኝ ደም አይቼ አውቃለሁ፤
"ከባቄላ የቀለለ ሰው፣ ሰው ነው" እላለሁ።

ዘንድሮ ግን ጥቅሉ ሰባት ወር ቆየብኝ፤
ለመቶ እግረኛ ከፍዬ ስድሳ ሦስት ደረሰኝ።
አንዱ ጠመንጃ የለው፣ የአንዱ እግር ተጣብቆ፣
የአንዱ ግራ ጎን ከቀኙ ተፋልሶ፣ ተላቅቆ፣
ፊታቸው —
ፊታቸውን ተዉት። እንደ ተመጠጠ ከረሜላ፤
ከባርኔጣው ሥር እብጠት ነው እንጂ፣ የለም ሌላ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት የገዛ ዓይኔን ነው፤
ሰባ አንድ ሞልቶኛል፤ መነጽሬም ወፍራም ነው።
አጉሊ መነጽር ይዤ፣ የድሮውን ጥሩምባ ነፊ አውጥቼ፣
ከአዲሱ ጎን አቆምሁት፣ መብራት አስጠግቼ።
የድሮው ልጅ ዛሬም ጉንጩን ነፍቶ ቆሟል፤
የዘንድሮው ወንድሙ ነው፤ ካንድ ፎርማ ወጥቷል፤
ግን ብዙ እጅ እንደዞረ ሳንቲም፣ መልኩ ተልጦ ጠፍቷል።

ደብዳቤ ጻፍሁ በእርሳስ፣ ሁለት ገጽ፣ በቁጥር፦
"አንደኛ፣ ሳንጃ የለም። ሁለተኛ፣ የመድፉ ጎማ ስብር።
ሦስተኛ፣ ሌባ ናችሁ።" ፖስታ ቤት አላመንሁም፤
በባቡር ኪይሊ ወረድሁ፤ ጃንጥላ አልያዝሁም።

ከሱፍ ፋብሪካው ጀርባ፣ ቀለሙ በተላጠው በር፣
"ሆልሮይድና ወንድ ልጁ" የሚል ጽሑፍ ነበር።
የከፈተችልኝ ሴት ናት። የነርስ ልብስ ለብሳለች፤
በቆዳ ሽርጥ ከልላው፣ ቆማ ታዛጋለች።
"ኤርነስት ሆልሮይድን ነበር።" "አባቴን? ቀበርነው።
ወንድ ልጅም አልነበረው፤ ሰሌዳው ምኞቱ ነው።
ሂላሪ እባላለሁ፤ ከሌሊት ፈረቃ መምጣቴ ነው አሁን፤
የቀረውን ትእዛዝ ሳልጨርስ አልዘጋም ቤቱን።"

ድስቱ ምድጃ ላይ ነው፤ ብርማው ይንቀጠቀጣል፤
ክቡ ጎማ፣ እንደ ሙዚቃ ሸክላ፣ ይሽከረከራል።
ትጨልፋለች፣ ታፈሳለች፣ ትቆጥራለች እስከ ሃያ፤
ፎርማው ሲከፈት ስምንት ሰው፤ ስድስቱ ለመጣያ።
"ጎማው አርጅቷል" አለች፤ "በሞቀ ቁጥር ይረሳል፤
ዋናውን ቅርጽ የት እንዳኖረ አባዬ ይዞት ሄዷል።
የትኩሳቱን ልክ በክብሪት እንጨት ነበር የሚያውቅ፤
እኔ በቴርሞሜትር፤ ቴርሞሜትር ምን ያውቅ?"

ደብዳቤዬን ከኪሴ አውጥቼ መልሼ ከተትሁት፤
ስመለስ፣ ባቡር ላይ፣ በላጲስ አጠፋሁት።
"ሌባ" የሚለው ብቻ አልለቅ አለ፤ አጥብቄ ጽፌው ኖሮ፤
ሥሩ ላይ አዲስ ትእዛዝ አከልሁ፦ "ሦስት መድፍ፣ አንድ ከበሮ።"
የእሷ ብረት እርሳስ፣ የእኔ ቁጣ በእርሳስ፤
ሁለቱንም ስጠራቸው ያው አንድ ምክር ነው — እርሳስ።

ሐሙስ ማታ ከኔቪል ጋር ጠረጴዛው ላይ ስንገጥም፣
ስድሳ ሦስቱን ከፊት አሰለፍሁ፤ አንዱም አልቀረም።
"ፊት የላቸውም" አለ። "ከማዶ ሆኖ ላየው፣
ከኮረብታ ለተመለከተው፣ የማን ጦር ነው ፊት ያለው?"
ዳይሱን ወረወረ።
ስድስት።
በሁለተኛው ዙር ተሰበሩ፤ ሸሹ፤ ጀግና አልወጣቸውም፤
ድሮም፣ ሪዝ እያላቸው፣ ብዙ አይቆሙልኝም።

ለቃቅሜ ስከታቸው፣ ጉንጭ የሌለውን ልጅ
ከድሮው ወንድሙ ጎን አስተኛሁት፤ እጅ ለእጅ።
ካርቶኑን ከደንሁ። ከንፈር እንዴት እንደሚነፋ
በጨለማ ይነግረው ይሆናል፣ እኔ ሳንቀላፋ።
አንዱ አፍ አለው፣ አንዱ የለው፤
እስከ ሐሙስ ይግባባሉ።