አራት እርከን

"ውች" ማለት ጀልባ ነው ብለው ነገሩኝ፤
ባሕሩ የት አለ ብል፣ ከት ብለው ሳቁብኝ።

በዚያች ባሕር አልባ የጡብ ከተማ፣
ጥጥ በተፈተለበት አዳራሽ፣ ድሮ ድሮማ፣
ሳሎን ቤት ቆሟል፤ ሦስት ግድግዳ ብቻ፤
በአራተኛው ፈንታ የሰው መመልከቻ።
መስኮቱ ላይ ሰማይ፣ በብሩሽ የተቀባ፤
ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የላስቲክ አበባ፤
የእውነት የሆነ ነገር፣ ቢኖር፣ ሾርባው ነው፤
ቪዮሌታ ናት በሌሊት ተነሥታ የምትጥደው።
ሰባት ጊዜ ሲቀረፅ፣ ሰባት ጊዜ ይሞቃል፤
በስምንተኛው ሌሼክ "ጨው በዛ" ይላል፤
ጽሑፉ ላይ የለም። ሰው ግን ይስቃል።
ሁለቱ ደራሲዎች፣ ጥግ ላይ ቆመው፣
"እኛ ነን የጻፍነው" ይላሉ ተጠቃቅሰው።

ሌሼክ ባል ነው፤ ግራዥና ሚስት ናት፤
ዘጠኝ ዓመት ባንድ አልጋ ተኙ፣ በካሜራ ፊት፤
መብራቱ ሲጠፋ ግን አይተዋወቁም፤
በጃንጥላ ተጣሉ፤ የማን እንደነበር ዛሬ በውል አያውቁም።

እኔ ማን ነኝ? ስም ጻፊ፤
ክፍሉ ሲያልቅ ሽቅብ የሚፈሰውን የስም ጎርፍ አሳላፊ።
አርባ ሰከንድ አለኝ፤ ስልሳ ሁለት ሰው፤
መብራት የሰቀለው፣ ፀጉር ያበጠረው፣
ሻይ ያመላለሰ፣ ገመድ የጠቀለለ፣
"ጸጥታ!" ሲል ኖሮ ድምፁ የሰለለ።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
እኔ ዘንድ ግን ስም ከሰከንድ በታች ይውላል።
ጣቢያውም ይቸኩላል፤
ግማሹን ስክሪን ቆርሶ፣ ለልብስ ሳሙና ያድላል።

ከሳሎኑ ቀኝ ጥግ አንድ ደረጃ አለ፣
ወደ መኝታ ቤት የሚወጣ፣ የተወለወለ።
ብትቆጥሩት ግን አራት እርከን ነው፤
ከዚያ ወዲያ ጨለማና አንድ ሳንቃ ነው ያለው፤
ለሁለት ሰው የማይበቃ፣ ክንድ ተኩል ስፋቱ።
ግራዥና ትቆጣለች (በየሳምንቱ ነው፤ እንዲያ ነው ድርሰቱ)፣
ተረከዟን እያንኳኳች ትወጣለች፣
"ሁለተኛ አልወርድም!" ትላለች፤
ሰው ይስቃል፤
እሷ ጨለማው ውስጥ ቆማ ትቀራለች።

እዚያ ነው ቦጉስዋቭ። ደረጃውን የሠራው አናጢ።
በመጀመሪያው ዓመት ሳንቃው ላይ ስትንሸራተት ክርኗን ያዛት፤
ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ቀድሟት ይወጣል፤
በጨለማ ይዘረጋል፤ እጇ እጁን ያገኛል።
አይነጋገሩም፤ ማይክሮፎኑ ይሰማል፤
እጁ ሙጫ፣ እጇ ሾርባ ይሸታል።
ፍቅር ነው እንዳትሉ። ሚስት አለው፤ የልጅ ልጅ አለው፤
ሰው እንዳይወድቅ መያዝ ነው፤
በኮንትራቱ የለም፤
በእኔም ሰንጠረዥ የለም።

ሰኞ ዕለት፣ በመቶ ሰባኛው ክፍል፣
ዶሮታ፣ አዘጋጇ፣ "ጀምሩ!" ስትል፣
ግራዥና ተቆጣች፤ ወጣች፤
በጨለማው እጇን ዘረጋች።

አየር።

ቦጉስዋቭ ከቅዳሜ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቷል፤
ማን ይንገራት? የአናጢ ወገብ በጥሪ ወረቀት መች ይጻፋል?
የእጇ ጥላ ብቻ፣ ቀለም በተቀባው ሰማይ ላይ ወድቆ
ሲዳስስ፣ ሲፈልግ፣ ሲጨብጥ፣ ሲለቅቅ፣
ሰው አይቶ ፈነዳ በሳቅ፤
ደራሲዎቹም "እኛ ነን የጻፍነው" አሉ።

ሌሼክ ማንኪያውን አስቀመጠ።
ያልተጻፈለትን ደረጃ ወጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ሳሎኑ ባዶ ቀረ፤ ሾርባው ብቻውን ተነነ፤
ዶሮታ "ቁረጡ" አላለች።
ድምፅ ቀራጩ በጆሮው የሰማትን አንዲት ዐረፍተ ነገር
(ስለ ጃንጥላ ናት) ለማንም ሳይናገር ደመሰሳት።

ማታ ስም ስጽፍ፣ "አናጢ" ከሚለው ጎን
አንድ ቃል ጨመርኩ፦ "አናጢና እጅ"።
ዶሮታ ስሕተት መስሏት አለፈችው።
ሁለት ሰከንድ ሰጠሁት፤ አንዱ የኔ ነበር፤
"ዘርፈሽዋል" በላቲን ሲጻፍ ባቡር ያክላል፤
ለአንድ ማታ ቢቀር፣ ማን ይፈልገዋል?

ዓርብ፣ በግራ በኩል፣ ስሙ ብቅ አለ፤
በቀኝ በኩል ሳሙናው አረፋውን ደፈቀ፤
አንድ፤
ሁለት፤
ወጣ፣
ከአራት እርከን በላይ ወደሌለው ቤት።