አኖርኩት

ቤርሼባ፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ውጭ አቧራው ሰማዩን ቢጫ ቀብቶት ሲታይ፣
አንዲት ግሥ ይዣለሁ።
ከምሳ በፊት ጀምሬ አገላብጣታለሁ፣
እንደ ገበያ ሎሚ በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋታለሁ፤
ውሃ አላት? ወይስ ልጣጭ ብቻ ናት? እላለሁ።

የፊተኛው ምዕራፍ እንዲህ አላስቸገረኝም።
«ክሌይምድ»ን ከስማቸው አጠገብ አላስቀመጥኩም፤
መዝገበ ቃላቱ «አሉ» ማለት ነው ቢልም አላመንኩም፤
ጠበቃ ነው ያ ቃል፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፣
«አሉ እንግዲህ፣ ማን አየላቸው?» እያለ።
«ስቴትድ» ፖሊስ ጣቢያ ይሸታል፣ ቀለም የነካ ጣት፤
«ኮንፌስድ» ጭራሽ ያልበደለን ሰው ንስሐ ሊያስገባት።
«ሴድ» ብዬ አለፍኩ። አጭር፣ ኪስ የሌለው ቃል፤
ምንም አይደብቅም፣ ተናግሮ ይሄዳል።

ይቺኛዋ ግን አላሳልፍ አለች።

እማ ትርንጎ፣ ዳሌት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፣
መቅጃዬን ከክኒን ሣጥናቸው አጠገብ አኑሬው፣
የሱዳንን መንገድ ሲያወሩኝ፣ ድምፃቸው ሳይወጣ ሳይወርድ፣
«የመጨረሻዬ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነበር፤
ሌሊቱን በትኩሳት አደረ፣ ጎሕ ሲቀድ
እዚያው አኖርኩት» አሉ፣
ወዲያው ስለ ውሃው፣ ስለ መንገድ መሪው ቀጠሉ።

አኖርኩት።

«በሪድ» አልል፣ አካፋ ይዞ ይመጣል፣ ለቀስተኛ አስከትሎ፣
ሰባት ቀን መሬት ተቀምጦ፤
እርሳቸው ግን ሰባት ደቂቃም አልነበራቸው።
«ፕሌስድ» ሳህን ነው፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፤
«ዲፖዚትድ» ባንክ፣ ወለድ አስልቶ ደረሰኝ የቆረጠ።
«ሌይድ» እጁ ለስላሳ ነው፣ ግን ሲበዛ ተኳለ፣
የሀብታም ሐዘን ሆነ፣ ጥቁር መነጽር የተከለ።
አማካሪዬ ዶክተር ኦርና፣ ኅዳጉ ላይ በቀይ፦
«‹አባንደንድ› አይሻልም? ግልጽ ነው።»
ግልጽስ ነው። የተጣለ መኪና፣ የተጣለ ቤት፣
ዳኛ ፊት የቆመች እናት።
ኦርና ክፉ አይደለችም። ቃሉ ነው።
የቀረኝ «ሌፍት» ነበር፣
እሱም ዞሮ የሚሄድ ሰው ጀርባ አለው።

ዓርብ ጠዋት፣ ሱቆቹ ሳይዘጉ፣ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ።
ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ አገኘኋቸው፤ ጥያቄዬን አሳጠርኩ፦
«እማ፣ አኖርኩት ሲሉ... ትቼው ሄድኩ ማለትዎ ነው?»
ቢላዋው ቆመ።
«ልጅ ይተዋል?
አንቺ፣ አማርኛሽም ዕብራይስጥ ሆነ እንዴ?
‹ለማን አኖሩት› ብለሽ ጠይቂኝ እንጂ!
ሰው ዕቃውን እንኳ ሲያኖር ለጎረቤት ነው፣ በአደራ፤
እኔም ለዚያች ሾላ፣ ‹ያዢልኝ› ብዬ፣ ከሥሯ ጋራ።»
ከዚያ ሽንኩርቱን ቀጠሉ።
እኔ ዓይኔን ያሸሁት በሽንኩርቱ ነው፣ ይባል።

አውቶቡሱ ውስጥ ገባኝ። የጎደለው ግሡ አልነበረም፤
ከኋላው የምትመጣ መስተዋድድ ናት፣ ማንም ልብ አይላትም።
«ሌፍት» ብቻውን ይጥላል፤
«ዊዝ» ከተከተለችው ግን ያስጠብቃል፣
ልጁን ለጎረቤት ሰጥቶ ሥራ እንደሚሄድ ሰው፣
ማታ እንደሚመለሰው።
«ሌፍት ሂም ዊዝ ኤ ፊግ ትሪ»፤ ስድስት ቃል፤
የሦስት ቀን ሥራ፣ ገጹ ላይ ግማሽ መስመር አይሞላም።

እሑድ ፋይሉ ተመለሰ።
ኦርና «ዊዝ»ን ሰርዛ «አንደር» አድርጋታለች፣
«ሰዋስው» ብላ ጽፋለች።
ልክ ናት፤ በእንግሊዝኛ ለዛፍ ልጅ አይሰጡም።
እርማቱን የሚሽረውን ቁልፍ ነካሁ፣
«ዊዝ» ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤
ሾላዋም፣ አርባ ዓመት አልፏት፣ አደራዋን እንደያዘች ነች።