«እንደ»ን ያጠፋችው ልጅ

አታካማ በረሃ፣ መዳብ ከሚቆፈርበት፣
የኛ ትምህርት ቤት አለ ጣራው ጨው የበላበት።
ሰባተኛ «ለ» ክፍል፣ ሠላሳ አንድ ተማሪ፤
ርዕሱን ጻፍኩላቸው፦ ዘይቤ፣ ተነጻጻሪ።

መጽሐፉ የታተመው ሩቅ፣ በዋናው ከተማ፤
ገጽ አርባ ላይ ግጥም አለ የእናት ለቅሶ የሚያሰማ፦
«እንባዋ ወረደ፣ ጣራ እንደሚመታ ዝናብ»።
ልጆቹ ደገሙት ጮክ ብለው በማንበብ።

«ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?»
«ተነጻጻሪ!» አሉ ክፍሉ ሁሉ ባንድ አፍ፤
«እንደ»ን ለቅሞ ማውጣት ችለዋል ከጽሑፍ፣
ጠጠር ከምስር።
ደስ አለኝ። ለሁሉም አሥር ካሥር።

ያኔ ናይራ ቾኬ፣ መስኮቱ ሥር ያለች፣
ገጹን ስታጥፍ ስትገልጥ ቆይታ እጇን አነሳች።
«መምህር፣» አለችኝ፣ «ዝናብ ጣራ ሲመታ
ድምፁ ምን ይመስላል? ቁጣ ነው? ጨዋታ?»

ዝም አልኩ። ክፍሉም ዝም። ማንም አልሳቀባት፤
ከተወለደች ጀምሮ ጠብታ አልጣለባት።
ያን ሁሉ አሥር ካሥር ለምን አደልኩት?
ስሙን አስተማርኩ እንጂ ነገሩን መች ነካሁት።

ሰሌዳውን ጠረግሁ። «መጽሐፉን ዝጉት፤
ቤታችሁ ያለውን፣ የምታውቁትን ጻፉት።»

አንሴልሞ ጻፈ፦ «ነፋሱ ሌባ ነው፣
አንሶላችንን ከገመድ ፈትቶ የወሰደው።»
የኤቫሪስቶ አያት ሳል ባዶ የጋዝ ሲሊንደር፣
ሌሊቱን በደረጃ ሲንከባለል የሚያድር።
ናይራ አንድ መስመር ጻፈች፤ ዞሬ አነብባለሁ፦
«አባቴ አቧራ ነው። ቀስ ብዬ እጠርገዋለሁ።»

አሁን ሳቁ መጣ፤ የኋላ ወንበር ተናጋ፤
«አባቷን ጠረገች፣ ከቆሻሻ ጋ!»
እኔም እንደ ልማዴ «እንደ»ን ፈለግሁባት፤
«‹እንደ አቧራ› ነው? ረሳሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አልረሳሁም፤ ጽፌ ነው ያጠፋሁት» አለች፤
የላጲስ ፍርፋሪ ከወረቀቱ እፍ አለች።
«ትምህርት ቤት ስገባ እሱ ቤት ይገባል፤
ሳልመለስ ደግሞ ጫማውን አራግፎ ይወጣል።
ደጃፍ ያን አቧራ ሳይ መኖሩ ይገባኛል፤
‹እንደ› ካልኩ፣ መምህር፣ አንድ ቃል ይርቀኛል።»

ደወሉ ተደወለ። ከዕቅዴ ላይ የቀረ
«ሰውኛ ዘይቤ» ለሐሙስ ተሻገረ።
ዝናብ ምን እንደሚል አልመለስኩላትም፤
ከስሟ ፊት ለፊት ነጥብ አልጻፍኩላትም።

ማታ ጫማዬን ላራግፍ ደጃፌ ላይ ጎንበስ አልኩ፤
ማን ይጠርገኝ ይሆን ብዬ እዚያው ቆምኩ።