አውራ ጣት

ናስቫ ላይ ባሕሩ ከዳር ዳሩ ሲረጋ፣
የደሴቱ ንፋስ ቆርቆሮውን ሲወጋ፣
ምድጃ ዳር ቆመን፣ ቀኑ እስኪነጋ፣
ሬዚኑን እናሞቃለን። ብርድ አይወድም እሱ፤
ከቀዘቀዘ እንደ ማር ነው፣ ድርቅ ይላል ነፍሱ።

ኡርቬ፣ ሠላሳ ዓመት እዚሁ የሠራች፣
ሻሿን አጥብቃ፣ ጓንቷን አጥልቃ መጣች።
«መጀመሪያ ሰም» አለች።
«ቀባው፣ ወልውለው፣ ደግመህ ቀባው፤
አንድ ጥግ ከዘለልክ ጀልባዋና ፎርማው
እስከ ዘላለሙ ተጋቡ ማለት ነው።»
ሰም እዚህ ቤት ምስጢር አይሸፍንም፤
ሥራው ማላቀቅ ነው፣ ሌላ አያውቅም።

ከዚያ ነጩ ጄልኮት። ሰው የሚያየው ፊት
እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይቀባል፣
የቀረው ሁሉ ከጀርባው ይገነባል።
ቤት ሠሪ ሲጨርስ ነው ግድግዳ የሚለስን፤
እኛ ከልስኑ ጀምረን ወደ ውስጥ እንሠራለን፣
ያማረውን ሳናይ፣ ሆዷን ብቻ አይተን።

ንጣፉን በመቀስ አይደለም፣ በእጅ ቀደድን፤
የተቆረጠ ጠርዝ መስመር ይተዋል፣
የተቀደደ ግን ከጎረቤቱ ይዋሃዳል።
የመስታወት ክር ነው፤ ለዓይን የበግ ፀጉር፣
ክንድ ላይ ሲያርፍ ግን የማይታይ መርፌ፣ ሌሊቱን ሲቆረቁር።

ማጠንከሪያው ጠብ ሲል ሰዓቱ ይጀምራል።
ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ባልዲው ይግላል፣ ይጨሳል፣
ድንጋይ ይሆናል።
ስልኳ ጮኸ፤ ልጇ ሊስ ናት፣ ከታሊን።
«ሬዚን ላይ ናት በላት» አለችኝ፣ ሮለሩን ሳታቆም።
ነገርኳት። ሊስም «እሺ» ብላ ዘጋች፤
በሬዚን ሰዓት ያደገች ልጅ ናት፣ መጠበቅ ለምዳለች።

ሮለሩ ሲያልፍ ነጩ ንጣፍ ይጠጣል፣
ይጠፋል፣ እንደ መስኮት ይጠራል።
አረፋ ከቀረ ግን፣ «እሱን ተጠንቀቅ» ትላለች፣
«ዛሬ ዝም ይላል፤
ከሦስት ክረምት በኋላ ማዕበል መሃል ይናገራል።»

ከጀልባዋ አፍንጫ በስተቀኝ፣ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣
ፎርማው ላይ ጉብታ አለ፣ የባቄላ ፍሬ አክሎ።
ኤንዴል ነው። የመጀመሪያውን የእንጨት ሞዴል ሲሠራ፣
ስቱኮው ሳይደርቅ በአውራ ጣቱ ነክቶት፣
«ነገ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ረስቶት።
ሞዴሉ ላይ ጎድጓዳ፣ ፎርማው ላይ ጉብታ፣
ጀልባዋ ላይ ደግሞ ጎድጓዳ፤
አርባ ሰባት ጀልባ ያንን ጣት ይዘው ባሕር ወረዱ።
ኤንዴል ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ።
ኡርቬን አላገባትም። ማንንም አላገባም።

አዲሱ ባለቤት ታርሞ «ደንበኛ አማረረ» አለ፤
ከስዊድን የተላከ ፎቶ አሳየንና
ብርጭቆ ወረቀት እጄ ላይ ጣለ።
ኡርቬ አልተከራከረችም።
«ከምሳ በኋላ ፋቀው» አለችኝ።

የአጃ ዳቦዋን ሳትነካ፣ የተጨሰ ዓሣዋን ሳትፈታ፣
ጉብታው ላይ ሰም ቀባች፣ የመዳፏን ስፋት ለክታ፤
ሦስት ቁራጭ ንጣፍ፣ ጥቂት ሬዚን፣ በትንሿ ብሩሽ፤
ማሞቂያውን አስጠግታ ቁጭ አለች።
«ምንድን ነው?» አልኳት።
«የሳሙና ማስቀመጫ» አለች።
ሲደርቅ በጥፍሯ ፈልቅቃ ኪሷ ከተተች።

ከዚያ ፋቅሁት።
ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

አርባ ስምንተኛዋ በመጋቢት ወጣች።
በጠርዟ ውሃ አፈሰስን፣ በጎማ መዶሻ መታን፣
ቋ! ብላ ለቀቀች፣ ወደብ ላይ በረዶ እንደሚሰነጠቅ።
ታርሞ አጨበጨበ። ነጭ ናት፣ እንደ እንቁላል፣ እንከን የሌላት።
ኡርቬ ጓንቷን አወለቀች፤
ከአፍንጫዋ በስተቀኝ፣ ስንዝር ዝቅ ብላ፣
አውራ ጣቷን አሳረፈች።
ጣቷ ማረፊያ አጣ፤
ተንሸራተተ፣ ሄደ፣ ሄደ፣
እስከ ጀልባዋ ጅራት፣
የሚያቆመው የለም።