ወረንጦ

ማለዳ ነው፤ ከሱሉልታ ሜዳ ጤዛው አልረገፈም፣
የጎመን ዘሩ እምቡጥ ገና አልተገለጠም።
ደሚቱ በርጩማዋን ይዛ ገባች ከመደቡ ውስጥ፣
በወረንጦ ጫፍ ልትፈለቅቅ ያልነቃ እምቡጥ።

ወንዴዎቹ ስድስት ናቸው፤ አራት ረጅም፣ ሁለት አጭር፤
ሁሉንም ነቅላ ትጥላለች፣ ዱቄታቸው ሳይበር።
ሴቴዋን ብቻ ትተዋለች፣ አረንጓዴ እንደ ክር።

ከዚያ ከወዲያኛው መደብ፣ ዘሩ ቢጫ ከሆነው፣
የኅዳር ውርጭ ሳይደርስበት ቀድሞ ከሚያፈራው፣
ከባዕድ ዘመድ ብናኝ አምጥታ ትቀባለች፤
የወረቀት ከረጢት አልብሳ፣ ቀኑን በእርሳስ ትጽፋለች።
«ሽማግሌ አልተላከ፣ ሚዜ አልቆመ» ትላለች፣
«ሙሽራዋን ግን ሸፍኛታለሁ፤ ንብ ምን ታደርጋለች?»

እኔ ቆጣሪ ነኝ። መዝገብ ነው ያለኝ።
አምና ሦስት መቶ አርባ አበባ ቆጥሬ ደከመኝ።
ዛላው ሲደርቅ በጥፍሬ ፈለቀቅሁት፤
ነፋስ አገኘሁበት።
አልፎ አልፎ ደግሞ ዘር የሚመስል ነገር፣
ተጸንሶ የቀረ፣ እንደ አሮጌ ዘቢብ የተጨማደደ።
ደሚቱ አየችው፣ ምንም አላለች፤ ወደ ሌላው ዛላ እጇ ሄደ።

ባለፈው ሰኞ ቀበሌ ሄድኩ፣ መታወቂያ ላሳድስ።
«ብሔር?» አለ ጸሐፊው፣ ከቅጹ ላይ ዓይኑ ሳይመለስ።
«አባቴ የእነሞር ሰው፣ እናቴ የሙሎ ልጅ...»
«አንዱን ምረጥ ወዳጄ፤ ሰልፍ አለብኝ ከደጅ።»
«እናቴ ፈረስ ናት» ያለችው በቅሎ ትዝ አለችኝ፤
ሳቅኩ። ጸሐፊው ገላመጠኝ።

ይህን ለደሚቱ ብነግራት ወረንጦዋን አቆመች፤
«ይቺ የጎመን ዘር ራሷ ማን ትመስልሃለች?» አለች።
«እናቷ ሰናፍጭ ናት፣ አባቷ ጎመን፤
ማንም ሳይድራቸው፣ ሳይታወቅ ዘመን፣
በሰው ጓሮ ይሁን በወንዝ ዳር፣ ያየ የለም፤
ከረጢት ያለበሰ የለም፣ ቀኑን የጻፈ የለም፤
ጸሐፊም አልነበረ፣ ‹አንዱን ምረጪ› የሚላት።
ሁለቱንም ይዛ በቀለች፤ ማን ሊከለክላት?»

ዘንድሮ ከብልቃጥ ያወጣናት አንዲት ችግኝ አለች፣
በላስቲክ ቤቱ ጥግ፣ ሦስት ቅጠል አውጥታለች።
አገዳዋ የእናቷ ነው፤
የቅጠሏ ጠጉር ከወዲያኛው።
ታብብ ይሆናል፤ ዘር መያዟን ማን ያውቃል ገና፤
በቅሎም እኮ ታምራለች፣ መውለድን ግን መች ታውቅና።

ከአጥሩ ወዲያ ፌሮ ቆሟል፣ የኮንዶሚኒየም መሠረት፤
ለከርሞ ይህ መደብ ይኑር አይኑር፣ የነገረን የለበት።
ውርጩ ዘንድሮ ፈጠነ፤ ላስቲኩን አጠበቅን፤
አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍኩ የብልቃጧን ቁጥር፣ ቀኗን።
በእናት ዓምድ አንድ ስም፣ በአባት ዓምድ አንድ ስም፤
«ዝርያ» ከሚለው ሥር ምንም አልጻፍኩም።

ደሚቱ ወረንጦዋን በአልኮል ጠርጋ ሻሿ ላይ ሰካች፣
በርጩማዋን አንድ እርምጃ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።